እጆቿ ብቻ የታዩበት ትምህርት

ኡምኩልሱም ከሚሴ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ሳይንስ ታስተምራለች። የትም ብትገባ በር አጠገብ ትቀመጣለች። ሠርግ ቤትም ይሁን የመምህራን ስብሰባ፣ መጀመሪያ የምታየው መውጫውን ነው። ባልደረቦቿ ይህን ልማዷን ያውቁታል። ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሙቀት የማይስማማት ነበር የሚመስላቸው።

ኢንተርኔት ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላ በመጣው ክረምት፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴ፣ ከከሚሴና ከዙሪያው የገጠር ትምህርት ቤቶች የተመረጡ መምህራን በከተማው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ስልጠናው ቴክኖሎጂን ክፍል ውስጥ ስለ መጠቀም ነበር። በስልክ ትምህርት እንዴት እንደሚቀረጽ፣ የተቀረጸው እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚቀጠል፣ መብራት በሌለ ቀን ምን ማድረግ እንደሚቻል ይማሩ ነበር። አሰልጣኟ ነፃነት የምትባል፣ ከደሴ የመጣች ወጣት ናት። ስትናገር ፈጣን፣ ስትሰማ ትዕግሥተኛ፣ የሰው ስም የማትረሳ ልጅ።

ኡምኩልሱም በመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ውስጥ ወዲያው አልገባችም። ከውጭ ከዛፍ ሥር ቆማ፣ ከባቲ የመጡት መምህራን ሲመዘገቡ አንድ በአንድ አየቻቸው። የምታውቀው ፊት እንደሌለ ስታረጋግጥ ነው የገባችው። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ወደደችው። ነፃነት የምታሳየውን ሁሉ ቶሎ ትይዝ ነበር፤ አጠገቧ ለተቀመጡትም ታሳይ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን ነፃነት ፕሮጀክተሩን አጥፍታ እንዲህ አለች፦

«እንግዲህ ከነገ ጀምሮ እያንዳንዳችሁ አጭር ትምህርት ታዘጋጃላችሁ። እኛ እንቀርጻችኋለን። ከዚያ በቴሌግራም ቡድናችን ላይ እንጭነውና ሁላችሁም አስተያየት ትሰጡበታላችሁ።»

መምህራኑ ተሳሳቁ። አንዱ ነገ ጸጉሬን እስተካከላለሁ አለ። ኡምኩልሱም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ በየሰው ስልክ ሲዞር፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ መጨረሻ ላይ ባቲ ገበያ መሐል አንድ ሰው እጅ ላይ ሲደርስ ታያት።

ሰውዬው ኑርሁሴን ይባላል። ባሏ ነው።

ፍየልና ግመል ይነግዳል። በገበያው የተከበረ፣ ሶላት የማያጓድል፣ ነጭ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ጮሆ አያውቅም። ጎረቤቶቿ በዚህ ይቀኑባት ነበር። ለገበያ ሲወጣ ግን እሷ ሥራ በሌላት ቀን በሩን ከውጭ ይቆልፍባታል። ሥራ በዋለችበት ቀን ደግሞ ማታ አጠገቧ ይቀመጥና በለሰለሰ ድምፅ «ዛሬ ከማን ጋር ነው የሳቅሽው?» ይላታል። ከማንም ስትለው የሻሿን ሁለት ጫፍ ይይዝና አንገቷ ላይ ቀስ አድርጎ ያጠብቀዋል። ጥያቄውን ይደግማል። ዓይኗ ሲጨልም ይለቅና ውሃ ያመጣላታል።

ሁለት ጊዜ አባቷ ቤት ሸሽታ ሁለት ጊዜም በሽማግሌ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ኑርሁሴን ሲናገር ሰሙት፤ እንዲህ የሚናገር ሰው እሷ ያለችውን ያደርጋል ብለው ማመን አቃታቸው። ሁለተኛ ጊዜ ተመልሳ እቤት ሲደርሱ ኑርሁሴን ሴት ልጃቸውን ሳሚያን አቅፎ «አንቺ ብትሄጂ ይቺን አታገኚያትም» አላት። እሱንም ያለው ልጅቷን እየሳመ ነው።

ከዚያ የሥራ ቀን ላይ በዋለ፣ በሩም ባልተቆለፈበት በአንድ የገበያ ቀን፣ እሱ ከአፋር ከመጡ ነጋዴዎች ጋር ዋጋ ሲነጋገር፣ ኡምኩልሱም ልጇን አዝላ ሚኒባስ ላይ ወጣች። የያዘችው የትምህርት ማስረጃዋንና የልጅቷን ሹራብ ብቻ ነበር። ጉዳይዋን የምታውቅ አንዲት የትምህርት ኃላፊ ዝውውሯን ያለ ወሬ ጨረሰችላት፤ ባቲ ላይ አዲስ አበባ ገባች ተብሎ ተወራ። እሷ ግን ከሚሴ ነበረች፤ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በሚደረስበት ቦታ።

ከሚሴ ላይ ቤት ስትከራይ ሁለት በር ያለው ፈለገች። ፎቶ አትነሳም። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ አገር ምድሩ በዋናው መንገድ ላይ ሲተራመስ፣ ሰው ሁሉ የጥይት ድምፅ ሲያዳምጥ እሷ የምታየው የተፈናቃዩን ፊት ነበር። ከሞትም በላይ መንገድ ላይ እሱን ማግኘት ነበር የሚያስፈራት።

በማግስቱ ተራዋ ሲደርስ ለነፃነት «እኔ ይቅርብኝ» አለቻት።

«ለምን? ከሁሉም ቀድመው የገባዎት እርስዎ ነዎት።»

«ካሜራ እፈራለሁ።»

ነፃነት ፈገግ አለች። ካሜራ የሚፈሩ ብዙ መምህራን አሠልጥናለች፤ ይህም እንደዚያ መሰላት። «የመጀመሪያው ደቂቃ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ይረሱታል» አለቻት። ኡምኩልሱም ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ነፃነት ትምህርቱን ያልቀረጸ ሰው ምስክር ወረቀት እንደማይሰጠው ነገረቻት፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ኦቦ ኸይረዲንም ስሟን መርጦ ሲልክ ተመልሳ ሌሎቹን እንድታሠለጥን አስቦ ነበር። ኡምኩልሱም ጥያቄው እየበዛ ሲመጣ ይበልጥ ፈራች። ሰው አንድን ነገር ለምን እምቢ አልሽ ብሎ መጠየቅ ከጀመረ የት እንደሚያቆም አይታወቅም።

የዚያን ዕለት ከማንአልሞሽ ጋር ወደ ቤት ሄደች። ማንአልሞሽ በዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ የምታስተምር፣ በአንድ ግቢ የተከራየች ጎረቤቷ ናት። መቀረጽ እንደማትፈልግ ነገረቻት። ማንአልሞሽ አታጨናንቅም። እየሄዱ ሳለ «ኡሜ፣ ፊትሽ መታየቱ ከሆነ የሚያስፈራሽ፣ ፊትሽን አታሳዪያቸው» አለቻት።

«እንዴት ሆኖ?»

«ልጆቹ ማየት ያለባቸው ውሃውን አይደል? እጅሽን ብቻ ልቅረጽልሽ።»

ኡምኩልሱም ልታስተምር ያሰበችው የደፈረሰ ውሃ እንዴት እንደሚጣራ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ማንአልሞሽ ስልኩን በመጻሕፍት ቁልል ላይ ደግፋ ወደ ጠረጴዛው አዘነበለችው። ኡምኩልሱም የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣ ገለበጠችው፤ ጨርቅ፣ የከሰል ድቃቂ፣ አሸዋና ጠጠር በየተራ ጨመረችበት። ከቦርከና ወንዝ የተቀዳ ጭቃማ ውሃ ከላይ አፈሰሰችበት። የምታስተምረው በኦሮምኛ ነው፤ በወሎው ኦሮምኛ፣ ልጆቹ እቤታቸው በሚሰሙት። «ኢላላ፣ ኢጆሌ» ብላ ጀመረች፤ እዩ፣ ልጆች ማለቷ ነው። መሐል ላይ ጠርሙሱ ተንሸራቶ የማንአልሞሽ ቀሚስ ላይ ተደፋ። ማንአልሞሽ ተነሥታ ስትዘል ኡምኩልሱም ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ ጠርሙሱን አስተካክላ ቀጠለች።

ሲቆርጡት ማንአልሞሽ «ሳቁን አታውጪው፤ ልጆቹ ይወዱታል» አለቻት። ኡምኩልሱም ተወችው።

አዳራሹ ውስጥ ሲታይ መምህራኑ አጨበጨቡ። የሌሎቹ ትምህርት ጥሩ ነበር፤ ግን አብዛኛው ቆሞ የሚናገር ሰው ነው። ይሄኛው ላይ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ይታያል፣ ይሰማልም። በራሳቸው አፍ የተዘጋጀ የሳይንስ ቪዲዮ አይተው የማያውቁ የባቲና የሰንበቴ መምህራን ደጋግመው አዩት። ነፃነት መጥታ «ስምዎን ላድርግበት?» ስትላት «ስም አያስፈልገውም» አለች። ነፃነት ስም ሳታደርግ በቡድኑ ላይ ጫነችው። ስልጠናው አበቃ፤ ምስክር ወረቀትም ተሰጣት።

ትምህርት ሲጀመር ኡምኩልሱም ባልደረቦቿን ማሠልጠን ጀመረች። በዕድሜ የገፉት መምህራን ስልኩን እንደ እንቁላል ነበር የሚይዙት። ከአንድ ወር በኋላ ግን ጡረታ የቀረበው የሒሳብ መምህር ሳይቀር የራሱን ትምህርት ቀርጾ አሳያት። ደስ አላት። በእነዚያ ሳምንታት በር አጠገብ መቀመጧን የረሳችባቸው ቀኖች ነበሩ።

ያልገመተችው ግን ቪዲዮው ምን ያህል እንደሚሄድ ነው። የባቲዎቹ መምህራን ለባልደረቦቻቸው ላኩት፤ ራሳቸውም ክፍል ውስጥ አሳዩት። ባቲ ውስጥ ካዩት ልጆች መሐል አንዷ የኑርሁሴን የእህቱ ልጅ ነበረች። ሕፃን ሳለች ኡምኩልሱም ጭን ላይ ተኝታ ተረት የሰማች ልጅ ናት። እጁን አላወቀችውም፤ ሳቁን ግን ስትሰማ «ይቺ የሳሚያ እናት ናት» ብላ ተነሳች። ቪዲዮውን ያሳየው፣ ስልጠናው ላይ የነበረው መምህር ደስ አለው። ልጅቷ እቤቷ ሄዳ በደስታ ነገረች። በማግስቱ አንድ ጨዋ ሰው መምህሩን አነጋገረው፤ ዘመዳችን ጠፍታብን ነው፣ እናቷ ታማ ትፈልጋታለች አለው። መምህሩ በቡድኑ ውስጥ የኡምኩልሱምን ስልክ ቁጥር ፈልጎ ሰጠው፤ የምታስተምርበትንም ትምህርት ቤት ነገረው። ክፉ አላሰበም። በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የሁሉም ቁጥር ይታይ ነበር፤ ስልጠናው ላይ ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ስልኩ ሲጠራ ኡምኩልሱም መምህራን ማረፊያ ውስጥ የልጆች ደብተር እያረመች ነበር። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ሄሎ?»

ትንፋሽ ይሰማል። ከኋላው ፍየል ይጮኻል።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ኢላላ፣ ኢጆሌ» አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ።

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ አጠፋችው። ከዚያ ሲም ካርዱን አወጣችና መሬት ላይ ጣለችው፤ ተመልሳ አነሳችው። ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ፈታችው። በዚያው ትምህርት ቤት የምትማረው ሳሚያ ከክፍሏ ወጥታ ፈልጋ ስታገኛት «ኡሚ፣ ማን ሞተ?» አለቻት።

ያን ሰሞን የኖረችውን ኑሮ ኑሮ ማለት ይከብዳል። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ማንአልሞሽን «ቀድመሽ ውጪና ማን እንዳለ እዪልኝ» ትላለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አትናገርም። ባጃጅ ስትሳፈር ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅ ታያለች። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ጀርባዋን ለበሩ መስጠት ስላቃታት ጎኗን አዙራ መጻፍ ጀመረች፤ ጽሑፉ እየተጣመመ ልጆቹ ማንበብ አቃታቸው። መስጊድ አጠገብ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ካየች መንገድ ትቀይራለች። በከሚሴ ደግሞ ጁምዓ ቀን ነጭ ሸሚዝ የማይለብስ ወንድ የለም።

በማንአልሞሽ ስልክ ለነፃነት ደወለች። «ቪዲዮዬን አጥፊልኝ» አለቻት።

«ምነው? በጣም እየተጠቀሙበት እኮ ነው።»

«አጥፊልኝ። ቁጥሬንም ከዚያ አውጪልኝ። በአላህ ይዤሻለሁ።»

ነፃነት ድምፅዋን ስትሰማ መከራከሩን ተወች። ከዚያ «አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ግን መምህርት፣ የተላለፈውን ማጥፋት አልችልም። በሰው ስልክ ላይ ያለው እጄ ላይ አይደለም» አለች። ቀጥላም «የሚፈልግዎ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ኡምኩልሱም ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት ልጇን ይዛ መናኸሪያ ሄደች። ሻንጣ አልያዘችም፤ ሻንጣ ሰው ያያል ብላ ሁለት ቀሚስ ደርባ ለብሳለች፤ ለሳሚያም ደርባላታለች። ወዴት እንደምትሄድ አልወሰነችም። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት ይጣራል፤ ያ መንገድ ወደ ባቲ ያደርሳል። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄደው ገና አልሞላም። ቆማ ፊት ታያለች፤ ከሚኒባስ የሚወርደውን፣ የሚወጣውን፣ ከሻይ ቤት በር ላይ የተቀመጠውን። ሳሚያ እጇን አጥብቃ ይዛ ነበር። ኡምኩልሱም ዝቅ ብላ ስታያት ልጅቷም እንደሷ ፊት ታያለች፤ ማንን እንደምትፈልግ ሳታውቅ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ። ከንፈሯ ደርቋል። ሁለተኛው ቀሚስ በእግሮቿ መሐል ርሷል።

«ኡሚ፣ ይቅርታ» አለች ልጅቷ። «ሳላውቀው ነው።»

ኡምኩልሱም መናኸሪያው መሐል ቁጢጥ ብላ ልጇን አቀፈቻት። ምን አደረግኋት አለች በልቧ። ከእሱ ያሸሸኋት መስሎኝ ይዤላት የሄድኩት እሱን ነው። ተመልሳ ባጃጅ ተሳፈረች።

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ኸይረዲን ቤቱ በር ላይ መጥረጊያ ይዞ ነበር። ቅዳሜ መምህር እቤቱ መጥታ ስለማታውቅ ሲያያት ደነገጠ። «ማል ታቴ?» አላት፤ ምን ሆንሽ እንደ ማለት። ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችው። ከሽማግሌዎቹ ወዲህ ለወንድ ተናግራው የማታውቀው ነገር ስለነበር ድምፅዋ እየጠፋ እየተመለሰ ነው የጨረሰችው። የሻሹን ነገር ስትነግረው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ኦቦ ኸይረዲን ሲያስብ ይዘገያል። እሷ ደግሞ በዚያ ዝምታ ውስጥ የሽማግሌዎቹን ፊት አየች።

«ሽማግሌ ብንልክበትስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ጊዜ ተልኳል። ሁለቴም መልሰው ሰጥተውኛል። ሦስተኛውን አልችልም።»

ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተነሳ። «እሺ» አለ። «ሰኞ ጠዋት ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ እንሄዳለን። ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ቃዲው ዘንድ። ብቻሽን አትሄጂም፤ እኔ አለሁ። እስከዚያ ከማንአልሞሽ ጋር እደሪ። ለእሷም ንገሪያት።»

ለማንአልሞሽ ልትነግራት አሰበች፤ ግን በዚያ ቀን ሁለተኛ ጊዜ የምትናገርበት አቅም አልነበራትም። እሑድም አልነገረቻትም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ከመሄዳቸው በፊት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ላስተምር ብላ ገባች። ቾክ በእጇ እንደያዘች ወደ መምህራን ማረፊያ ስትመለስ፣ ኑርሁሴን እሷ በምትቀመጥበት፣ በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ አገኘችው።

ጉንጩ ትንሽ ከስቷል። ሸሚዙ ነጭና የተተኮሰ ነው። ጉልበቱ ላይ የሕፃን ጫማ ካርቶን ይዟል። ዘበኛው የልጅ አባት ነኝ፣ ጫማ ይዤላት ነው የመጣሁት ሲለው አምኖ አስገብቶታል። ሻዩን የቀዳችለት ማንአልሞሽ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኡምኩልሱም» አለ።

ቾኩ እጇ ውስጥ ተሰበረ። ካለፈችው በኋላ ነው ያየችው፤ መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ጫማው ይበቃት እንደሆነ አላወቅኩም» አለ። «የእግሯን ልክ አላውቀውማ። ልጄ ናት፤ የእግሯን ልክ አላውቀውም።» ድምፁ ውስጥ ምንም ቁጣ አልነበረም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። አንድ እርምጃ ቀረባት። «ቪዲዮሽን አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። እጅሽን አላሳመርሽም፤ ድሮ እንሶስላ ታደርጊ ነበር።»

ኡምኩልሱም ወደ ኋላ ስትል ጀርባዋ ግድግዳ ነካ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለ ኑርሁሴን፣ በጣም በቀስታ። «መሐል ላይ ትስቂያለሽ። ከማን ጋር ነው የሳቅሽው?»

እጇ ሳታዝዘው ወደ አንገቷ ሄደ። ያኔ ነው ማንአልሞሽ ያየቻት። ምንም የነገራት ሰው የለም፤ ግን የጓደኛዋን ፊት፣ አንገቷን የያዘውን እጅ፣ የሰውዬውን ድምፅ አየችና ሰማች፤ ያን ሰሞን «ቀድመሽ ውጪና እዪልኝ» ስትባል የነበረበት ምክንያት ሁሉ አንድ ላይ ገባት። የሻይ ፔርሙሱን አስቀምጣ በመሐላቸው ገብታ ቆመች። ማንአልሞሽ አጭር ናት፤ ቁመቷ ደረቱ ላይ ነበር የሚደርሰው።

«ከእኔ ጋር ነው የሳቀችው» አለችው። «ቀሚሴ ላይ ውሃ ደፍታብኝ።»

ኑርሁሴን ዝቅ ብሎ አያት። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ጥያቄ መልስ ያገኘው ያን ቀን ነው። ማንአልሞሽ ዓይኗን ሳትነቅልበት «ኦቦ ኸይረዲን» ብላ ጠራች፤ ጮኻ አልነበረም፤ ግን የሒሳቡ መምህርና ሌሎቹ ከጎን ካለው ክፍል ወጡ። ኦቦ ኸይረዲን መጣ። ገብቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተውና ኡምኩልሱምን «ወደ ልጅሽ ሂጂ» አላት።

ወደ ሦስተኛ ክፍል ሮጠች። ሳሚያ ከልጆቹ መሐል ተቀምጣ ትጽፋለች። ኡምኩልሱም ክፍሉ ውስጥ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች፤ መምህሯ ምንም አልጠየቀቻትም። ኦቦ ኸይረዲን በዚያ መሐል ለኑርሁሴን ምን እንዳለው በኋላ አልነገራትም። ፖሊስ ሲመጣ ኑርሁሴን አልተከራከረም፤ ፖሊሱንም በጨዋነት ሰላም አለው፤ ካርቶኑን ትቶ ሄደ። ጫማው በጣም ትንሽ ነበር። እናቷ ትታው በሄደች ጊዜ ለነበረችው ልጅ ልክ ነው።

ጉዳዩ ቃዲው ፊት ሲቀርብ ኡምኩልሱም ሦስት ጊዜ ቆማ ተናገረች። ኑርሁሴን ሁሉንም በለሰለሰ ድምፅ ካደ። ይህ ድምፅ እንደገና ያሸንፋታል ብላ ነበር። ግን ከባቲ አንዲት ጎረቤቷ፣ የተቆለፈውን በር ከውጭ ብዙ ቀን ያየች አሮጊት፣ በሚኒባስ መጥታ መሰከረች። ነፃነትም ከደሴ ድረስ መጣች። ምስክር ልትሆን አልነበረም፤ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ስትወጣ «እኔ ነኝ ለእሱ ያጋለጥኩዎ» አለቻት፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ኡምኩልሱም «አንቺ ምን ታውቂ» አለቻት። እውነትም አታውቅም ነበር፤ ኡምኩልሱምም አልነገረቻትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነፃነት ሥልጠና ስትሰጥ የሚቀረጽ ሰው ካለ ለብቻው ጠርታ ትጠይቃለች፤ ቁጥር የሚደበቅበትንም ከሁሉ በፊት ታሳያለች።

ፍቺው ተፈቀደ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተወሰነ። አባት ግን አባት ነውና በየጊዜው ቅዳሜ ቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ፣ ሦስተኛ ሰው እያለ እንዲያያት ተፈቀደለት።

ኡምኩልሱም ዛሬም ታስተምራለች። ሌላ ቪዲዮም ሠርታለች፤ ስለ ዘር መብቀል፤ ድምፁን የሰጠችው ግን ማንአልሞሽ ናት፣ በተሰባበረ ኦሮምኛዋ፤ ልጆቹ ይስቁባታል። አሁንም ትፈሪያለሽ ወይ ቢሏት አዎ ትላለች። ፍርሃቷ አልሄደም። ድሮ ግን የምትፈራውን ሰው የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ አሁን ዘበኛው ያውቀዋል፣ የሒሳቡ መምህር ያውቀዋል፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ያውቀዋል።

ሳሚያና አባቷ የሚገናኙበት ያ ሻይ ቤት ዋናው መንገድ ላይ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ኦቦ ኸይረዲን ሳሚያን ይዞ ይገባና ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ኡምኩልሱም ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ሆና በመስኮቱ ውስጥ የልጇን ጀርባ ታያለች። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጀርባው ይጠፋባታል፤ መኪናው እስኪያልፍ ትንፋሿን ትይዛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ስትወጣ ብስኩት ይዛ ነበር። ኡምኩልሱም መንገዱን ተሻግራ ተቀበለቻት።

«ምን አለሽ?»

«ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ትምህርት እንዴት ነው አለኝ።»

«ሌላስ?»

ሳሚያ ብስኩቱን እያየች ቆየች። «አሁን የት ነው የምትኖሩት አለኝ።»

ኡምኩልሱም እጇን ያዘቻት። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«ብስኩቱ ይጣፍጣል አልኩት» አለች ልጅቷ።

ቤታቸው በቀኝ በኩል ነው። ወደ ግራ ታጥፈው፣ በገበያው ውስጥ አልፈው፣ ሰው በበዛበት በኩል ዞረው ሄዱ።